በቅርብ ቀን

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸወደኝ ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው።

ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሰፈራችን ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ከመጋረጃው አጠገብ አንድ ትልቅ ፖስተር፣ ከፖስተሩ ሥር በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ፦ «ዛሬ 8 ሰዓት፤ ምርጥ አክሽን»። ፖስተሩ ላይ አርኖልድ ሽዋዚንገር ጡንቻውን ወጥሮ፣ መሣሪያውን ተሸክሞ ቆሟል። ለዳቦ የተሰጠኝን ሳንቲም ከፍዬ ገባሁ። ውስጥ የጠበቀኝ የህንድ ፊልም ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተለቀሰ፣ ተዘፈነ፣ ተሰረገ። አርኖልድ ግን አልመጣም። ስወጣ ባለቤቱን «አርኖልድስ?» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና «እሱ በቅርብ ቀን ነው!» አለኝ።

ያለ ዳቦ ቤት ስገባ የደረሰብኝን አልነግራችሁም።

ይህቺን ታሪክ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቋታል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በዓመት አንዴ ለሦስት ሳምንት ያህል መጽሐፉን ዘግተን የፊልም ፖስተርና ትሬለር እናነባለን። «እናያለን» አላልኩም፤ «እናነባለን» ነው ያልኩት። ልዩነቱን ለማስረዳት ነው የአርኖልድን ጉድ የምነግራቸው። እኔ ያን ቀን ፖስተሩን አየሁት እንጂ አላነበብኩትም።

ለምን ፖስተር ትሉ ይሆናል። መነሻው ተስፋ መቁረጥ ነው። ክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪ አለ። የሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ምንባብ ስሰጣቸው አሥሩ ያነባሉ፣ ሃያው ያነበቡ ይመስላሉ፣ የቀሩት መስኮቱን ያያሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በቀጣዩ ቀን ክፍል ገብቼ «አንብቡ፣ ያልፍላችኋል» ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ከ100 ሦስት ሰው እኮ ነው፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ወጥቼ አላውቅም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን አልተኛሁም።

ፖስተር ላይ ያለው እንግሊዝኛ ከአሥር ቃል አይበልጥም። አንድ አንቀጽ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ፖስተር ላይ ግን መከራከር ይችላል። ክርክሩ ሲሞቅ ደግሞ ቃሉን ራሱ ፈልጎ ይመጣል። ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ፍልስፍና አልነበረኝም።

የክፍላችን ግድግዳ ላይ ፕላዝማ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት ትምህርት ሊያስተላልፍ ከመጣው ወገን ነው። አሁን በብረት ሳጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ፖስተሮቹን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ ለስድስት ለስድስት ሰው አንድ አንድ እያደረግሁ አድላለሁ። ቀለም የላቸውም። ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አንዳንዴም ጥቁር ብቻ።

ሦስት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ማን ትልቅ ሆነ፣ ማን ትንሽ ሆነ? ምን ጎደለ? የተሠራው ለማን ነው?

* * *

መጀመሪያ «ጆውስ»ን እሰጣቸዋለሁ፤ ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን። ላይ አንዲት ሴት ትዋኛለች፣ ከሥሯ ጥርሱን ያሰፈሰፈ ሻርክ ወደ ላይ ይመጣል። ሴትየዋ ጣት ታክላለች፣ ሻርኩ መርከብ ያክላል። አንዱ ልጅ «ይሄ ቦርከና ቢገባ ወንዙን ሞልቶ ይተርፋል» ይላል። ትክክል ነው፤ ፖስተሩ ላይ ያለው ሻርክ ፊልሙ ውስጥ ካለው እንኳ ይተልቃል። ቀጥዬ የምነግራቸው ግን ይገርማቸዋል፦ ፊልሙ ውስጥ ሻርኩ በደንብ የሚታየው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ለቀረጻ የተሠራው የሻርክ ማሽን ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረ። ስለዚህ ስፒልበርግ ብዙውን ቦታ ሻርኩን ሳያሳይ፣ በሙዚቃና በውሃ ብቻ ማስፈራራት ግድ ሆነበት። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፦ አንዳንድ ነገር የሚደበቀው ተንኮል ስላለበት ሳይሆን ስለተበላሸ ነው።

ሁለተኛው ቀን የ«ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» ነው። ስቲቭ ማክዊን እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በነፃነት ይኖር የነበረ ሰለሞን ኖርዘፕ የሚባል ጥቁር ሰው በ1841 ታፍኖ ለባርነት ስለመሸጡ የሚተርክ እውነተኛ ታሪክ ነው። ዋናው ተዋናይ ቺዌቴል ኤጂዮፎር ነው። ፊልሙ ጣልያን ሲገባ የተሠራው አንዱ ፖስተር ግን መላ ገጹን የሞላው በብራድ ፒት ፊት ነበር። ብራድ ፒት ፊልሙ ውስጥ ብቅ የሚለው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ኤጂዮፎር ከታች፣ ጥግ ላይ፣ እንደ ጉንዳን ይሮጣል። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ ፖስተሩም ተነሣ።

ይህን ፖስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደልኩ ቀን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ያሉት ወንዶች «ቲቸር፣ ንግድ እኮ ነው! ብራድ ፒትን ካላዩ ጣልያኖች አይገቡም፤ ሰው ካልገባ ደግሞ ታሪኩን ማን ያውቀዋል?» አሉ። ቀላል ክርክር አይደለም። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ሦስተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ እጇን አወጣች። «ሰውዬው ከባርነት ነፃ ወጣ ብለውናል። ፖስተሩ ላይ ግን ገና አልወጣም» አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። ያቺን ልጅ ያን ቀን ነው ልብ ያልኳት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሷ ናት። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጽፍም።

ሦስተኛው ቀን ወደ አገራችን እንመጣለን። የአማርኛ ፊልም ፖስተር ላይ ተማሪዎቼ ከእኔ የበለጠ ሊቃውንት ናቸው። ስልክ እንጨት ላይ፣ የታክሲ መስታወት ላይ፣ ካፌ በር ላይ ሲያዩት ነው ያደጉት። ሕጉን ራሳቸው አወጡት፦ ሁለት ፊት ጀርባ ለጀርባ ከሆነ ፍቅር ነው፤ አንዱ ዓይኑን ካጉረጠረጠ ኮሜዲ ነው፤ ልጅቷ ወደ ሰማይ ካየች አልቅሶ የሚያስለቅስ ነው፤ እናት ሁልጊዜ ጥግ ላይ፣ ትንሽ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ናት። ከታች ደግሞ ትልቁ ቃል፦ «በቅርብ ቀን!» ቀኑ መቼ እንደሆነ አይጻፍም። አንዷ «የአባቴ ዓይነት ነው፤ እሱም ደብተር በቅርብ ቀን ይገዛልኛል» አለች።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ስናነሣ ግን ሳቁ ቆመ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ወስዷል፤ የአንጀሊና ጆሊ ስም በዋና ፕሮዲዩሰርነት ተያይዞ በዓለም ዞሯል። ታሪኩ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስና ጠበቃዋ ስትከራከርላት ነው። በውጭ አገር ርዕሱ ሳይተረጎም በላቲን ፊደል እንዳለ ወጣ። «የውጭ ሰው ይህን ርዕስ ሲያነብ ምን ያገኛል?» አልኳቸው። «ድምፅ ብቻ» አሉ። «እኛስ?» ለትንሽ ጊዜ የመለሰ የለም። ቃሉ ሁለት ነው። ደፋር የሚያሰኘውም፣ ተደፈረች የሚያሰኘውም ያው ሥር ነው። ወንዶቹ አቀረቀሩ። ሴቶቹ ተያዩ። አንድ የፖስተር ቃል 64 ሰው ዝም ሲያሰኝ ያየሁት ያን ቀን ነው።

* * *

ትሬለር ሌላ ጉዳይ ነው። ቃሉን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሁሌ አንድ ሰው ይጮኻል፦ «ተሳቢ!» ኮምቦልቻ ነዋ፤ ቀንና ሌሊት ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ሲያልፍ እየሰማን ነው የምንኖረው። የሚገርመው ልጁ አልተሳሳተም። ድሮ በ1910ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር፣ የሚመጣው ፊልም ማስታወቂያ የሚታየው ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ፣ ከኋላ ተጎትቶ ነበር። ስሙም ከዚያ ቀረ። ሰው ፊልሙ እንዳለቀ ተነሥቶ ስለሚሄድ ወደ ፊት አመጡት። ተሳቢው ከመኪናው ቀደመ ማለት ነው።

ለትሬለር ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ላፕቶፔ ባትሪው ሁለት ሰዓት ይይዛል፣ መብራት ከጠፋ ያለን ያ ብቻ ነው። ድምፁን ከአንድ ተማሪ በተዋስነው ስፒከር እንሰማለን። ክፍሉን በአራት ቡድን ከፍዬ በየተራ አሳያለሁ፤ መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ በድምፅ።

የማሳያቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሮበርት ራያንግ የሚባል የፊልም አርታዒ ለውድድር የሠራው ነው። የስታንሊ ኩብሪክን «ዘ ሻይኒንግ»፣ ያንን በበረዶ በተከበበ ሆቴል ውስጥ አባት አብዶ ሚስቱንና ልጁን በመጥረቢያ የሚያሳድድበትን ፊልም ወስዶ፣ ምስሎቹን ቆራርጦ፣ ደስ የሚል ዘፈንና ሞቅ ያለ የተራኪ ድምፅ አግብቶ የቤተሰብ ኮሜዲ ትሬለር አደረገው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይህን ያያሉ። «ደስ ይላል፣ አባትና ልጅ ሲዋደዱ» ይላሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን የፊልሙን ትክክለኛ ትሬለር እከፍታለሁ። አንድም ተዋናይ የለም። የሊፍት በር ብቻ። በሩ ይከፈታል፣ ደም እንደ ቦርከና ጎርፍ ይወጣል። ሴቶቹ ይጮኻሉ፤ ወንዶቹም ይጮኻሉ፣ ግን ሳል ያስመስሉታል።

ከዚያ የቤት ሥራ። ስልክ ትምህርት ቤት ማምጣት ክልክል ስለሆነ ርእሰ መምህሩን ለምኜ ለአንድ ቀን አስፈቀድኩ። የትምህርት ቤታችንን ግቢ ቀርጻችሁ ከዚያው ምስል ሁለት ትሬለር ሥሩ፣ አንዱ የሚያስፈራ፣ አንዱ የፍቅር አልኳቸው። ስለ ቅንብር ላስረዳ ጠመኔ ሳነሣ አንዱ «ቲቸር፣ አይልፉ፤ ካፕካት ላይ አንድ ደቂቃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ከመጽሐፍ የማውቀውን እነሱ በጣታቸው ያውቁታል። የቤተ መጻሕፍቱ በር በአንደኛው ትሬለር ላይ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ሬሳ የሚወጣ ይመስላል፤ በሁለተኛው ላይ ያው በር፣ ያው ሲጢጥታ፣ ከሥሩ ክራር ገባበትና አንዲት ልጅ ደብተሯን አቅፋ ወጣች። ክፍሉ በፉጨት ቀለጠ።

ፉጨቱ ሲበርድ ያቺ የሦስተኛው ዴስክ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንግዲህ እህቴ ከሪያድ የምትልከውም ትሬለር ነው ማለት ነው?»

* * *

ከክፍል በኋላ ጓደኛዋን አስከትላ መጣች። በሩን ክፍት ትተን ተቀመጥን። ታላቅ እህቷ ከሁለት ዓመት በፊት ነው ዓረብ አገር የሄደችው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። በየሳምንቱ አጫጭር ቪዲዮ ትልካለች፦ የገበያ ማዕከል መብራት፣ የሽቶ ጠርሙስ፣ በመኪና መስኮት የሚታይ ሰፊ መንገድ፣ የእህትየው ፊት እየሳቀ፣ ከጀርባ የሠርግ ዘፈን። ልጅቷ እነዚህን ቪዲዮዎች መቶ ጊዜ አይታቸዋለች። ፓስፖርትም አውጥታለች። 12ኛ ክፍልን ሳትጠብቅ ለመሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግራ ነበር። ያን ሁሉ የማውቀው ያኔ ነው።

«ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅሁ» አለች። «ማን ትልቅ ሆነ? ፊቷ። ለማን ተሠራ? ለእኛ። ምን ጎደለ የሚለው ላይ ግን...» ስልኳን ሰጠችኝ። «እስኪ ይዩት ቲቸር፣ ወላሂ አሥራ አራት ቪዲዮ ነው። እጇ የለም።»

አየሁ። እውነት ነው። በአሥራ አራቱም ላይ እጇ የለም። አንዱ ላይ እጅጌዋ ውስጥ ነው፣ አንዱ ላይ ከፍሬሙ ውጪ ነው፣ አንዱ ላይ ከቦርሳዋ ኋላ ነው። ሽቶውን የያዘው እጅ እንኳ ልክ ሊታይ ሲል ይቆረጣል። ቤት ስትኖር ጥፍሯን ሂና ሳታደርግ የማትውል ልጅ ነበረች አለችኝ።

አልዋሽም፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ላስተምር የፈለግሁትን ይህቺ ልጅ ማንም ሳይነግራት አደረገችው። «ጎበዝ!» አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ያን «ጎበዝ» አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚያው ማታ ለእህቷ «እጅሽን አሳዪኝ» ብላ ጻፈችላት። እህቷ አልመለሰችም። በማግስቱ «እኔ እንዳንቺ ልሸወድ አልችልም፣ ቪዲዮሽ ውሸት መሆኑን አውቄአለሁ» ብላ ጨመረች። እህቷ ስልኩን ዘጋች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ቪዲዮ የለም። በወሩ መጨረሻም ብር አልመጣም።

እናትየው ትምህርት ቤት የመጡት የዚያን ጊዜ ነው። መምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆሙ። «አረፍ ይበሉ እናቴ» ብላቸው አልተቀመጡም።

«መምህር፣ ልጄን ምንድን ነው የሚያስተምሯት?»

እንግሊዝኛ ልል ነበር። አላልኩም። ፖስተር፣ ትሬለር፣ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚያታልል፣ ልጆቹ እንዳይሸወዱ ብዬ ዘባረቅሁ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩትን እስካሁን በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

«ቪዲዮው እንደማይሆን እኮ አውቃለሁ መምህር። እናት አይደለሁም? የልጄን ሳቅ አላውቀውም? ገና የመጀመሪያውን ስትልክልኝ ነው ያወቅሁት። እሷ እኔ እንድተኛ ትስቃለች፤ እኔ እሷ እንድትሠራ የተኛሁ እመስላለሁ። አሁን ይህቺ ልጅ መጥታ ሁለታችንንም ቀሰቀሰችን።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሲወጡ ዘወር ብለው «ታናሺቱ እንዳትሄድ እኔም እፈልጋለሁ» አሉ፤ «ግን እንዲህ አይደለም።»

* * *

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ብዙ ነገር አሰብኩ። የአንድ ቤት የወር ብር በእኔ ትምህርት የተነሣ ቀረ። መጽሐፉን ይዤ ብቀጥል ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር ብዬ አስቤአለሁ። ደግሞ ልጅቷ የፓስፖርቷን ነገር ቆም ብላ እያሰበች መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ይህም በዚያው ትምህርት ምክንያት ነው። ሁለቱ ተደምረው ዜሮ አይመጡም። አንዱ አንዱን አያጣፋውም።

የገባኝ ግን አንድ ነገር አለ። ሦስቱ ጥያቄዎቼ የመርማሪ ጥያቄዎች ናቸው። ፖስተሩን ወንጀለኛ፣ ተማሪውን ፖሊስ ያደርጋሉ። ለጣልያኑ ፖስተር ይሠራሉ። ሻጭና ገዢ ባለበት ሁሉ ይሠራሉ። ነገር ግን የሚታየውን ምስል ሁሉ የሚሠራው ሻጭ አይደለም። ከሪያድ ሃያ ሰከንድ ቪዲዮ የምትሠራ ልጅ ተመልካቿን ልትሸውድ ሳይሆን ልታስተኛ ነው የምትቆርጠው። ስፒልበርግ ሻርኩን የደበቀው ማሽኑ ስለተበላሸበት ነው። እሷም እጇን የደበቀችው ስለተጎዳባት ነው። ይህን ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ቆሜ ሳስተምር የገባኝ ይመስለኝ ነበር። አልገባኝም ነበር።

የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬም ትዝ አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አጭበርባሪ ነው ብዬ ለተማሪ ሳወራበት ኖርኩ። አሁን ሳስበው ሰውዬው ያለው ፖስተር አንድ ነበር። አንድ የአርኖልድ ፖስተር፣ አንድ ዴክ፣ አንድ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን። ፊልሙ ሲቀያየር ያ ፖስተር አንድም ቀን ከዚያ በር ላይ ተነሥቶ አያውቅም። እኔን ብሎ ያደረገው ነገር አልነበረም። ዳቦዬን ግን አልመለሰልኝም፤ እሱንም አልረሳም።

ቀጣዩ ሰኞ ክፍል ገብቼ ከሦስቱ ጥያቄዎች ሥር አራተኛ ጻፍኩ፦ «ይህን የሠራው ሰው ምን ፈርቶ ነው?» ልጆቹ ተንጫጩ። «ቲቸር፣ ፊልም ሠሪ ምን ይፈራል?» «ሰው እንዳይቀርበት!» «ብሩ እንዳይበላ!» ጣልያኖቹ የፈሩት ጥቁር ፊት ብቻውን ሰው አያስገባም ብለው ነው አለ አንዱ፤ ስለዚህ ጥያቄው እነሱንም አይምርም። ፍርሃትን ማወቅ ይቅር ማለት አይደለም። ያቺ ልጅ ያን ቀን ምንም አልተናገረችም። ደብተሯ ላይ ግን ስትጽፍ አየኋት።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ሳምንት ለእህቷ የድምፅ መልእክት ላከች። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኋትም። ከሦስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። እህቷ ያለችው አጭር ነው፦ በረኪና ነው፣ ጓንት የለም፣ ክሬም ገዝቻለሁ፣ አብሽሪ፣ ለእማ እንዳታሳዪያት። ከሥሩ አንድ ፎቶ። ፎቶውን እኔ አላየሁትም፤ እንድታሳየኝም አልጠየቅሁም። ለእናቷ አላሳየችም። እናትየው ግን ሳያውቁ ይቀራሉ ብዬ አላስብም።

የሦስቱ ሳምንት የመጨረሻ ሥራ ሁሌም አንድ ነው፦ ስለ ቤታችሁ ፊልም ቢሠራ ፖስተሩን ሣሉ። ብዙዎቹ መኪናና ፎቅ ይሥላሉ። አንዱ አባቱን እንደ አርኖልድ ሥሎ በመሣሪያው ቦታ አካፋ አስያዘው፤ ሙሉ ማርክ ሰጥቼዋለሁ።

የእሷ ወረቀት ላይ ሁለት እጅ ብቻ ነበር። በእርሳስ፣ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሞሉ። ፊት የለም፣ ሽቶ የለም። እጆቹ ውስጥ፣ መዳፍ ላይ፣ አንድ በጣም ትንሽ ቤት ተቀምጣለች። ርዕስ አልሰጠችውም። ከታች፣ ፖስተር ላይ ሁሉ የምናያት፣ ማንም የማያነባት ያቺ የደቃቅ ስሞች መስመር አለች አይደል? እሷን አልረሳችም። አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ጽሕፈት እንዲህ ብላ ሞልታዋለች፦ ፕሮዲዩሰር፣ እህቴ። ዳይሬክተር፣ እህቴ። ካሜራ፣ እህቴ። ኤዲተር፣ እህቴ። ተመልካች፣ እማ። ማንን ማን እንደከፈለው፣ ማን ለማን እንደሠራው በአንድ መስመር አልቋል።

«በቅርብ ቀን» የሚለውንም ጽፋለች፤ ከጎኑ ቀን ለመጻፊያ ባዶ ሰረዝ አለ። «ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እሷ ናት የምትሞላው» አለችኝ።

አሁን 12ኛ ክፍል ናት። ብሩ እንደገና መምጣት ጀምሯል፤ ቪዲዮውም። ሠርግ ዘፈኑ እንዳለ ነው፣ እጇም እንደተደበቀ ነው፤ አሁን ግን ቤት ውስጥ ሦስት ሰው አውቆ ያየዋል። ፓስፖርቱ የእናቷ ሣጥን ውስጥ ነው ብላኛለች። ከፈተናው በኋላ ምን እንደምትወስን አላውቅም፤ ከ100 ሦስቱ ውስጥ ትሁን አትሁንም አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ አግኝቼ «ዝግጅት እንዴት ነው?» ስላት ሳቀች።

«በቅርብ ቀን ነው ቲቸር» አለችኝ፤ ደብተሯን አቅፋ ወደ ክፍሏ ገባች።